ሮታላ ሮተንዲፎሊያ በአኳሪየምና በፓሉዳሪየም፦ አንድ ተክል፣ ሁለት ዓይነት ቅጠል

ሮታላ ሮተንዲፎሊያን ገዝተው አኳሪየም ውስጥ ከተከሉ ሰዎች ብዙዎቹ በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉ ሲቢጭ፣ ሲሳሳና ሲረግፍ አይተው «ሞተብኝ» ብለው ነቅለው ይጥሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተክሉ አልሞተም። በአየር ላይ ሳለ ያወጣቸውን ቅጠሎች እያራገፈ ለውኃ ውስጥ የሚስማሙ ሌሎች ቅጠሎችን በማብቀል ላይ ነው። በዚህ ተክል ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ጉዳት ከዚህ ሽግግር ጋር የተያያዘ ስለሆነ አስቀድሞ እሱን መረዳት ያስፈልጋል።

ሮታላ የረግረግ ተክል ነው። የትውልድ ስፍራው ከሕንድ አንሥቶ በደቡብ ቻይናና በደቡብ ምሥራቅ እስያ አልፎ እስከ ጃፓን ይዘልቃል። በሩዝ ማሳ፣ በጅረት ዳርና በቦይ ውስጥ ይበቅላል፤ ዝናብ ሲበዛ ውኃ ይውጠዋል፣ ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ይቀራል። በሁለቱም ወቅት መኖር ስላለበት ቅጠሉን እንደየሁኔታው ይለዋውጣል። ከውኃ በላይ ያለው ቅጠል ክብ፣ ወፈር ያለና አረንጓዴ ሆኖ ስፋቱ ከ1 እስከ 1.5 ሴ.ሜ ይደርሳል። ከውኃ በታች ያለው ደግሞ ጠበብና ረዘም ያለ፣ ስስ፣ ብርሃን ሲበረታ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ ተክል ቅጠሎች ናቸው ብሎ ለማመን ይቸገራል።

ለውጡ የሚመጣው ከጋዝ ነው። በአየር ላይ ያለ ቅጠል እርጥበቱ እንዳያልቅበት ሰም መሰል ሽፋን ይለብሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባውም ስቶማታ በሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ያው ቅጠል ውኃ ውስጥ ሲገባ ሽፋኑ እንቅፋት ይሆንበታል። ጋዝ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው ወደ 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ስለሆነ በቀዳዳዎቹ በኩል የሚደርሰው አይበቃውም። ስለዚህ ተክሉ ሽፋኑ እጅግ የሳሳ፣ ጋዙንም ማዕድኑንም በገጹ ሁሉ የሚመጥ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ለዚያ ሥራ የሚሆነውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከአሮጌው ቅጠል ስቦ ወደ ጫፉ ይወስዳል። አሮጌው ቅጠል የሚቢጨውና የሚበሳሳው ለዚህ ነው። ጫፉ ላይ ጠባብ አዲስ ቅጠል እየወጣ እስካለ ድረስ ታች የሚረግፈው ሊያሳስብ አይገባም። ጫፉ ራሱ ጠቁሮ ከለሰለሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሲገዙ

በማሰሮ የሚሸጠው ሮታላ በአብዛኛው ከውኃ በላይ፣ እርጥበት ባለው ቤት ውስጥ ያደገ ነው፤ ክብ ቅጠሉን አይቶ ማወቅ ይቻላል። በጄል ላይ በትንሽ የፕላስቲክ ስኒ የሚሸጠው ከቀንድ አውጣ፣ ከአልጌና ከፀረ ተባይ መድኃኒት የጸዳ ነው፤ ይሁንና ግንዱ ለጋ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት በቀላሉ ይሟሟል። ለጀማሪ የማሰሮው ይሻላል። ገንዳው ውስጥ ሽሪምፕ ካለ ግን የማሰሮውን ተክል መጀመሪያ በሌላ ዕቃ፣ ውኃውን በየቀኑ እየቀየሩ ለአንድ ሳምንት ያቆዩት። ችግኝ ጣቢያዎች የሚረጩት መድኃኒት ቅሪቱ ዓሣ ባይጎዳ እንኳ ሽሪምፕ ሊፈጅ ይችላል።

ተክሉ ለብዙ ዓመታት ሮታላ ኢንዲካ እየተባለ ሲሸጥ ስለኖረ ዛሬም በዚያ ስም ሊያገኙት ይችላሉ። ትክክለኛው ኢንዲካ አበባውን በቅጠሉ ብብት ውስጥ አንድ አንድ እያደረገ ያወጣል፤ ሮተንዲፎሊያ ግን በግንዱ ጫፍ ላይ ዘለላ ይሠራል። ከዝርያዎቹ መካከል «ግሪን» የሚባለው ምንም ያህል ብርሃን ቢያገኝ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ቀይ ወይም ብርቱካናማ የሚፈልግ ሰው «ኮሎራታ» ወይም «ህራ» የሚባሉትን ይምረጥ።

አተካከል

ማሰሮውን አውልቀው በሥሩ ዙሪያ ያለውን ግራጫ ጥጥ መሰል ነገር በጣትና በወረንጦ እየለቀሙ ያውጡ፤ ጥቂት ክር ቢቀር አይጎዳም። ጄል ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ሙልጭ አድርገው ይጠቡት፤ የተረፈው ስኳር ሻጋታ ያመጣል። ሥሩን ወደ 2 ሴ.ሜ ያሳጥሩ፤ በግንዱ አንጓ ላይ በቀናት ውስጥ አዲስ ሥር ስለሚያወጣ ለአሮጌው ሥር መጨነቅ አያስፈልግም። ግንዱን ከ8 እስከ 10 ሴ.ሜ አድርገው ይቁረጡትና የታችኞቹን ሁለት አንጓዎች ቅጠል ያራግፉ። አፈር ውስጥ የተቀበረ ቅጠል ይበሰብሳል፤ ብስባሹም ወደ ግንዱ ይሻገራል።

የገንዳው ወለል ከፊት 5፣ ከኋላ ከ7 እስከ 8 ሴ.ሜ ጥልቀት ይኑረው፤ የጠጠሩ ወይም የአኳሪየም አፈሩ እንክብል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ቀጭኑን ግንድ ይይዛል። ግንዱን በወረንጦ ከታችኛው ጫፉ ይያዙና በሰያፍ ከ3 እስከ 4 ሴ.ሜ ያስገቡት፤ ከዚያ ወረንጦውን ላላ አድርገው በጎን በኩል ያውጡት። ቀጥ አድርገው ከሰገሰጉት ከወረንጦው ጋር ተመልሶ ይወጣል። ጠበቅ አድርገው ከያዙት ደግሞ ግንዱ ይጨፈለቃል፤ በተጨፈለቀበት ቦታ ከሳምንት በኋላ ጠቁሮ ይቆረጥና ላዩ ይንሳፈፋል። በግንድና በግንድ መካከል 2 ሴ.ሜ ይተዉ። ማሰሮው ሙሉውን እንደ ችቦ ተጠቅልሎ ሲተከል መሀሉ ብርሃንም የውኃ ዝውውርም ስለማያገኝ ከታች ይበሰብሳል፤ በዚህ ተክል ላይ በብዛት የሚፈጸመው የአተካከል ስሕተት ይኸው ነው።

ሽግግሩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ መብራቱ በቀን 6 ሰዓት ብቻ ይብራ። ቅጠሉን እየቀየረ ያለ ተክል ብዙ ብርሃን መጠቀም አይችልም፤ ያልተጠቀመበትን አልጌው ይወስደዋል። የረገፈውን ቅጠል በየቀኑ ለቅመው ያውጡ፤ በሳምንት ከ30 እስከ 50 በመቶ ውኃ ይቀይሩ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑን የሚያጠፋ መድኃኒት ሳይረሱ። ወለሉ አዲስ የአኳሪየም አፈር ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያ ስለሚለቅ ውኃውን በሁለት በሦስት ቀን መቀየር ይሻላል፤ ዓሣም ገና አይግባ። ጫፉ ላይ አምስት ስድስት ጥንድ ጠባብ ቅጠሎች ሲወጡ፣ ያም ከ6 እስከ 8 ሴ.ሜ አዲስ እድገት ሲሆን፣ ያንን ክፍል ቆርጠው እንደገና ይትከሉትና ራቁቱን የቀረውን የታችኛውን ግንድ ይጣሉት። ከዚህ በኋላ ገንዳው ውስጥ ያለው ተክል ከጫፍ እስከ ሥር በውኃ ውስጥ ያደገ ይሆናል፤ እድገቱም ወዲያው ይፈጥናል።

ብርሃን፣ ጋዝና ማዳበሪያ

ሦስቱ አንድ ላይ መታየት አለባቸው። ብርሃን ተክሉ ምን ያህል እንዲሮጥ እንደሚገፋው ይወስናል፤ ጋዙና ማዳበሪያው ያንን ሩጫ መሸከም አለባቸው። ብርሃኑ ቀድሞ ሌላው ሲቀር የሚታየው ውጤት አልጌ ነው።

ለተክል የሚጠቅመውን ብርሃን በማይክሮሞል በሚቆጥር መለኪያ ለሚሠሩ፣ በተክሉ ቁመት ላይ በካሬ ሜትር በሰከንድ 30 ማይክሮሞል አካባቢ ሮታላ በሕይወት ይኖራል፤ ግን አረንጓዴ ሆኖ አንጓዎቹ ይራራቃሉ። 50 አካባቢ ጥሩ ቁጥቋጦ ይሠራል። ከ80 እስከ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አንጓዎቹ ይቀራረባሉ፣ ጫፉ ሮዝ ይሆናል፣ አንዳንዱ ግንድ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ ወደ ጎንና ወደ ታች ይሳባል። መለኪያ የሌለው ሰው በአንጓና በአንጓ መካከል ያለውን ርቀት ይመልከት፤ ከ2 ሴ.ሜ ካለፈ ብርሃን አንሶታል ወይም ተጨናንቋል። ከሽግግሩ በኋላ በቀን የ8፣ ቢበዛ የ10 ሰዓት ብርሃን ይበቃል፤ የማብሪያና የማጥፊያ ሰዓቱ በታይመር የተወሰነ ይሁን።

ከአየር ጋር በተመጣጠነ ውኃ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሊትር ወደ 0.5 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከሲሊንደር ተጨማሪ ጋዝ ሲሰጥ የሚፈለገው ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ነው። ጋዙ መብራቱ ከሚበራበት ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቀድሞ ይከፈት፣ መብራቱ ሊጠፋ 1 ሰዓት ሲቀረው ይዘጋ። መጠኑን ለመከታተል ቀለሙ የሚለዋወጥ ፈሳሽ ያለው ትንሽ የመስታወት ጠቋሚ ይጠቅማል፤ ሰማያዊ ከሆነ አንሷል፣ አረንጓዴ ከሆነ ልክ ነው፣ ቢጫ ከሆነ በዝቷል። ጠቋሚው ግን አንድ ሁለት ሰዓት ወደኋላ የቀረ መረጃ ነው የሚሰጠው። ዓሣዎቹ ውኃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ጠቋሚው ምንም ይበል ምን ጋዙን ዘግተው የውኃውን ገጽ በፓምፕ ያናውጡ። ተጨማሪ ጋዝ ሳይሰጡም ሮታላ ማሳደግ ይቻላል፤ ያኔ መብራቱ ከ30 እስከ 40 ማይክሮሞል፣ ጊዜውም ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይሁን። እድገቱ ይዘገያል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ተክሉ ግን ጤነኛ ይሆናል።

ለማዳበሪያ መነሻ የሚሆን ልክ በሊትር ናይትሬት ከ10 እስከ 20፣ ፎስፌት ከ0.5 እስከ 2፣ ፖታሺየም ከ10 እስከ 20፣ ብረት ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊግራም ነው። ከደረቅ ጨው ራሱ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ስሌት ይያዝ፦ 1 ግራም ፖታሺየም ናይትሬት በ100 ሊትር ውኃ ሲሟሟ 6.1 ሚሊግራም በሊትር ናይትሬትና 3.9 ሚሊግራም በሊትር ፖታሺየም ይጨምራል፤ 0.1 ግራም ሞኖፖታሺየም ፎስፌት በዚያው 100 ሊትር ውስጥ 0.7 ሚሊግራም በሊትር ያህል ፎስፌት ይጨምራል። ሚዛኑ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ይሁን፤ በማንኪያ የተሰፈረ ጨው አያስተማምንም።

ቅጠሉን ቀይ ለማድረግ ብረት መጨመር በሰፊው የሚመከር ቢሆንም ብቻውን ብዙ አያመጣም። ቀዩ ቀለም በዋናነት የሚመጣው ከጠንካራ ብርሃንና ከዝቅተኛ ናይትሬት ነው። ብረቱ ሳይጎድል ናይትሬቱን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ውስጥ መያዝ ቀለሙን ያደምቀዋል። ወደ ዜሮ ከወረደ ግን የታችኛው ቅጠል ይረግፋል፣ እድገቱም ይቆማል፤ ለቀለም ሲባል ተክሉን ማስራብ አይገባም።

ጉድለቱን ለመለየት ምልክቱ በየትኛው ቅጠል ላይ እንደታየ ይመልከቱ። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሺየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይዘዋወራሉ፤ ሲጎድሉ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ የሚጎዳው የታችኛው ነው። ብረትና ካልሲየም አንዴ ከተቀመጡበት አይነቃነቁም፤ ሲጎድሉ የሚጎዳው ጫፉ ነው። አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከገረጣ ብረት፣ ከተጣመመና ካነሰ ካልሲየም ይጠረጠራል። የጫፍ መቀጨጭ ግን ከጋዝ መዋዠቅም ይመጣል፤ ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት ሲሊንደሩን ይፈትሹ።

ሙቀቱ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይመቸዋል፤ ከ28 በላይ ሲሆን ግንዱ ይቀጥንና ይሳባል። የውኃው አሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ5.5 እስከ 7.5 ቢሆን ችግር የለውም፤ የካልሲየምና የማግኒዚየም ጨው ባልበዛበት ለስላሳ ውኃ ቀለሙ የተሻለ ነው። ከአንጓዎቹ ወደ ውኃው የሚንጠለጠሉት ነጫጭ ሥሮች የረሃብ ምልክት አይደሉም፤ ተፈጥሮው ነው። ለመልክ ካልሆነ በቀር መቁረጥ አያስፈልግም።

መከርከም

ግንዱ ከአንጓው በላይ ሲቆረጥ በዚያ አንጓ ያሉት የጎን ቡቃያዎች ይነቃሉ፤ ከአንዱ ግንድ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወጣሉ። የሚቆረጥበት ከፍታ ታዲያ የወደፊቱን ቅርጽ ይወስናል። የመጀመሪያው ቆረጣ ዝቅ ብሎ፣ ከሚፈለገው የመጨረሻ ቁመት አንድ ሦስተኛው ላይ ይሁን። ቀጣዮቹ እያንዳንዳቸው ካለፈው መቁረጫ ከ1 እስከ 2 ሴ.ሜ ከፍ ይበሉ። እንዲህ ሲደረግ ቅርንጫፉ ከታች ጀምሮ ይበዛና የቁጥቋጦው ገጽ ክፍተት አይኖረውም። መቀሱ ስለታም ይሁን፤ የዶለዶመ መቀስ ግንዱን ይፈጫል። አልጌ የሚያስቸግር ገንዳ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ አይከርክሙ፤ ማዳበሪያውን ሲጠቀም የነበረው ተክል በድንገት ሲቀንስ የተረፈውን አልጌው ያገኘዋል። ከአራት አምስት ቆረጣ በኋላ የታችኛው ግንድ ይጠነክርና ይራቆታል፤ ያኔ ጤነኛ ጫፎችን ቆርጦ እንደገና መትከል ብቸኛው መፍትሔ ነው።

ፓሉዳሪየም፦ ወደ አየር መመለስ

ከፊሉ ውኃ፣ ከፊሉ የብስ በሆነው በፓሉዳሪየም ውስጥ ሮታላ በተወለደበት ቦታ እንዳለ ያህል ነው፤ ከውኃው ወጥቶ ዳርቻውን ይሸፍናል፣ በእንጨትና በድንጋይ ላይ ይሳባል። እዚህ ሽግግሩ በተቃራኒው ይሄዳል፤ አደጋውም ይለወጣል። በውኃ ውስጥ የነበረው ቅጠል ሰም መሰሉ ሽፋን ስለሚጎድለው በደረቅ አየር በደቂቃዎች ውስጥ ይጠወልጋል። ግንዱም ሲያንሳፍፈው የነበረው ውኃ ሲሄድ ራሱን መሸከም አቅቶት ይተኛል። ይተኛ፤ ሥር የሚያወጣው የተኛበት አንጓ ላይ ነው፤ ጫፉም በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ቀና ይላል።

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ተክሉን ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ ጥልቀት ባለው ውኃ ዳር ላይ ተክሎ ራሱ እንዲወጣ መተው ወይም የውኃውን ከፍታ በየሁለት ሦስት ቀኑ ከ1 እስከ 2 ሴ.ሜ ዝቅ ማድረግ ነው። ጫፉ የውኃውን ገጽ ሲያልፍ ክብ ቅጠል ማውጣት ይጀምራል። ሁለተኛው ከ5 እስከ 6 ሴ.ሜ የሆኑ ቁራጮችን በእርጥብ አፈር ላይ አጋድሞ በጠጠር ጫን ማድረግና ክዳኑን ዘግቶ ለሁለት ሳምንት ያህል አለመክፈት ነው። ከዚያ በቀን ለ10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ለግማሽ ሰዓት እያሉ ክዳኑን መክፈት። ከውኃ የመጣው ቅጠል በሙሉ ቢሞትም አዲሱ ክብ ቅጠል ለአየሩ ተስማምቶ ስለሚወጣ ተክሉን አይጣሉት። በዘላቂነት እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ለየብሱ ክፍል ከታች ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ የተቃጠለ የሸክላ እንክብል፣ በላዩ ወንፊት መሰል መረብ፣ ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሴ.ሜ አፈር ይደረግ። አፈሩ ሁልጊዜ እንደተጨመቀ ስፖንጅ እርጥብ ይሁን፤ ሮታላ ጭቃን ይችላል፣ ድርቀትን ግን አንድ ከሰዓት እንኳ አይችልም። ለመርጨት ማዕድን የሌለውን የተጣራ ውኃ ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ ቅጠሉና መስታወቱ በነጭ ኖራ ይሸፈናሉ። አየሩ ሙሉ በሙሉ ከታፈነ ሻጋታ ስለሚመጣ ትንሽ ማራገቢያ በቀን ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት ይጠቅማል። መብራቱ ከቅጠሉ ከ20 እስከ 30 ሴ.ሜ ይራቅ፤ ውኃ ውስጥ የማይታወቀው የመብራት ሙቀት እዚህ ቅጠል ያቃጥላል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ዘንበል ብለው ይታጠፉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ በእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ከውኃ በላይ ያለው ክፍል ማዳበሪያ የሚፈልገው በአኳሪየም ከሚሰጠው ግማሽ ያህል ነው፤ እሱም በአፈሩ በኩል። እንቁራሪት ወይም ሌላ እንስሳ ባለበት በቅጠል ላይ ማዳበሪያም ፀረ ተባይም አይረጭም፤ የእንቁራሪት ቆዳ ሁሉንም ይመጥጣል። ክሽክሽ ከያዘው ቅርንጫፉን አጎንብሶ ለጥቂት ሰዓት ውኃ ውስጥ መንከር ወይም ቆርጦ ማስወገድ በቂ ነው። ብርሃኑ ጠንካራ ሆኖ በቀን 12 ሰዓት ያህል ሲያገኝ በግንዱ ጫፍ ላይ ጥቃቅን ሮዝ አበቦች በዘለላ ይከፈታሉ፤ ይህን ግን ከውኃ በላይ ያለው ግንድ ብቻ ነው የሚያደርገው።

የሚከረከመው ትርፍ ብዙ ነው፤ አወጋገዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ አንጓ ያለው ቁራጭ ብቻውን ሥር አውጥቶ አዲስ ተክል ይሆናል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ከትውልድ ስፍራው ርቆ ቦዮችን የያዘ ተክል ሆኗል። ስለዚህ ቁራጩንም የተቀየረውን ውኃም ወደ ወንዝ፣ ወደ ኩሬም ሆነ ወደ ቦይ አይድፉ። ውኃውን በወንፊት አሳልፈው የተያዘውን ቁራጭ ተሰባሪ እስኪሆን ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ ከዚያ ከቆሻሻ ጋር መጣል ወይም ለብስባሽ ማዋል ይቻላል።